የተበላሸ የቢላዋ እጀታ እንዴት ይድናል?

ቢላዋ የሌለበት ቤት የለም። ሽንኩርቱ የሚከተፈው፣ ሥጋው የሚዘለዘለው፣ ጠፍሩ የሚቀደደው በእርሱ ነው። ሆኖም ሰው ቢላዋ ሊገዛ ወይም ሊያሠራ በሄደ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በስለቱ ላይ ነው እንጂ በእጀታው ላይ አይደለም። ስለቱን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ይፈትናል፤ ብረቱን በጥፍሩ መትቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ እጀታውን ግን «ያው እንጨት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን እጃችን የሚጨብጠው እጀታውን ነው። ስለቱ የዶለዶመ ቢላዋ ሥራን ያዘገያል፤ እጀታው የተናጋ ቢላዋ ግን የያዘውን ሰው ያቆስላል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ ያሰብሁት፣ በእጅ የሚሠራ የቢላዋ እጀታ በመሠራት ላይ ሳለ ወይም ከተሠራ በኋላ ቢበላሽ፣ በምን ዘዴ ሊድን እንደሚችል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በእጅ ሥራ ላይ የዋለ ሁሉ አንድ እውነት ሳያይ አይቀርም፤ ይኸውም ዕቃ ብዙ ጊዜ ፈጽሞ የሚጠፋው በመጀመሪያው ስሕተት ሳይሆን፣ ያንን ስሕተት ለመሸፈን በችኮላ በሚሠራው በሁለተኛው ሥራ መሆኑ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድመን እጀታ ከምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚበላሽ እንመልከት።

ስለ እንጨቶቻችን

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ባለው ገጠር የቆየው ልማድ፣ ስለቱን ባለ እጁ ቀጥቅጦ ሲሠራ እጀታውን ባለቤቱ ራሱ መጥረቡ ነው። ባለ እጁ ለስለቱ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ከመቶ ስድስት አሥረኛ ያህል ካርቦን ያለበት ብረት ስለ ሆነ፣ በእሳት ግሎ በውኃ ወይም በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ ስለትም ይይዛል።

ለእጀታ ከሚሆኑት እንጨቶች መካከል የታወቁት ወይራ፣ ዋንዛና ክትክታ ናቸው። ወይራ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው፤ ሲለሰልስ እንደ ቀንድ ያብረቀርቃል፤ ውኃም ቶሎ አይገባውም። ነገር ግን እርጥብ ሳለ ተሠርቶ በችኮላ ቢደርቅ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ቀላልና ለመጥረብ የሚታዘዝ ስለ ሆነ በርጩማና ከበሮ ይሠራበታል፤ ሲደርቅም እንደ ወይራ አያስቸግርም። ሆኖም ለስላሳ በመሆኑ ለቢላዋ እጀታ ሲሆን ቶሎ ይጨረገዳል። ክትክታ ግንዱ ቀጭን ቢሆንም ጠንካራ ስለ ሆነ ለትንንሽ መሣሪያ እጀታ ይሆናል። ከእንጨት ሌላ ደግሞ የበሬ ቀንድ አለ፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ ለብቻው እናገራለሁ።

እጀታ ከስለቱ ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች

ወደ እጀታው የሚገባውን ቀጭን የብረት ክፍል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ጭራ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ጭራው ከእጀታው ጋር በሦስት ዓይነት መንገድ ይጋጠማል። አንደኛው ጭራውን በእሳት አግሎ ቀድሞ በተበሳው እንጨት ውስጥ እያቃጠለ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ማጭድም የሚሰካው በዚህ ዘዴ ነው። ሁለተኛው ጭራው እጀታውን ከዳር እስከ ዳር አልፎ ሲወጣ ጫፉን ቀጥቅጦ ማጠፍ ነው። ሦስተኛው ጭራው እንደ እጀታው ሰፊ ሲሆን፣ በግራና በቀኝ ሁለት የእንጨት ወይም የቀንድ ገጾችን አልብሶ በችንካር ማያያዝ ነው። የጥገናው መንገድ እንደ አጋጣጠሙ ስለሚለያይ፣ ሰው እጀታ ለማዳን ከመነሣቱ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ አለበት።

እንጨት ለምን ይሰነጠቃል?

እርጥብ እንጨት በውስጡ ብዙ ውኃ አለው። ውኃው በሁለት ስፍራ ይገኛል፤ አንዱ በእንጨቱ ጥቃቅን ቱቦዎች ባዶ ቦታ ውስጥ ሲሆን፣ ሌላው በቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ የተመጠጠው ነው። እንጨት ሲደርቅ በቱቦዎቹ ባዶ ቦታ ያለው ውኃ ቀድሞ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ መጠኑ አይቀንስም። የውኃው ክብደት ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ያህል ሲደርስ ግን ከግድግዳው የተመጠጠው ውኃ መውጣት ይጀምራል፤ እንጨቱም መኮማተር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ደግሞም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በቁመቱ የሚቀንሰው እጅግ ጥቂት ነው። ከመሐሉ ወደ ልጡ ባለው አቅጣጫ ባብዛኛው ከ3 እስከ 5 በመቶ ይቀንሳል፤ በቀለበቶቹ ዙሪያ ግን ከ6 እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ዙሪያው ከመሐሉ ይልቅ ስለሚጠብብ፣ ልቡ በመሐሉ ያለበት ድፍን ቅርንጫፍ ሲደርቅ ሳይሰነጠቅ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ በእጀታው ውስጥ የተሰካው ብረት ፈጽሞ አይኮማተርም። 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እጀታ 6 በመቶ ቢቀንስ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያጣል ማለት ነው። እንጨቱ ሊጠብብ ይፈልጋል፤ ብረቱ እንቢ ይለዋል፤ በመጨረሻ የሚሸነፈው እንጨቱ ነው።

በአገራችን ይህ ነገር ከወራቱ ጋር የተያያዘ ነው። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲዘንብ አየሩ እርጥበት ስለሚሞላ እንጨት ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ የተሠራው ዕቃም ደኅና መስሎ ይታያል። ዝናሙ አቁሞ የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይና ነፋስ ሲመጣ ግን የተደበቀው ጉድ ይወጣል። በክረምት የተሠራ እጀታ በበጋ የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው።

ያየሁት ጥገና

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አጥብቄ ባልያዝሁት ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ጥገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማየት ዕድል አገኘሁ። የአክስቴ ልጅ በቡሬ አካባቢ ገጠር ይኖራል። አባቱ በሕይወት ሳሉ ከባሌስትራ ያሠሩት አንድ ካራ ነበር፤ እጀታው በስብሶ ወድቆ፣ ስለቱ ግን ደኅና ሆኖ በቆጥ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ልጁ ይህን ካራ አዲስ እጀታ አብጅቶለት ለእናቱ ለገና በዓል ሊሰጣት አሰበ። በሐምሌ መጨረሻ አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በነሐሴ ጠርቦ፣ በመስከረም ጭራውን አግሎ ሰካው። ሲያዩት እጅግ የሚያምር ነበር። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ግን ከአንገቱ ጀምሮ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ወጣበት፤ ስለቱም መወዛወዝ ጀመረ።

መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ስንጥቁን በሽቦ ጠፍንጎ በማጣበቂያ መሙላት ነበር። እንዲህ ለማድረግ ሽቦ ሊለምን ወደ አንድ ሽማግሌ ባለ እጅ ቤት አብረን ሄድን። ሽማግሌው ካራውን ተቀብለው አገላበጡት፤ የእጀታውን ጫፍ አይተው ልቡ በመሐል መሆኑን በጣታቸው አመለከቱንና፣ «ልጄ፣ እንጨቱ ገና ሥራውን አልጨረሰም፤ አንተ ግን ቀድመኸው ጨረስህ» አሉት።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባባ?» ቢላቸው፣

«እስኪጨርስ ጠብቀው» ብለው ካራውን መለሱለት።

እኔ የነገሩ ትርጉም የገባኝ ቆይቶ ነው። ስንጥቁ ያን ጊዜ ቢጣበቅ ኖሮ እንጨቱ መኮማተሩን ስላልተወ፣ ወይ የተጣበቀው ይለቅቃል፣ ወይ በሌላ በኩል አዲስ ስንጥቅ ይወጣል። እንግዲህ መጀመሪያ ማወቅ የሚያስፈልገው እንጨቱ መቼ ደርቆ እንደሚያበቃ ነው። ይህንንም ለማወቅ ከዚያው ቅርንጫፍ የተረፈውን ቁራጭ ይዤ ወደ ፍኖተ ሰላም መጣሁ፤ በተከራየሁት ክፍል ጥላ ባለበት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሰቀልሁት፤ በየሳምንቱም በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ሚዛን መዘንሁት። መጀመሪያ 186 ግራም ነበር። በየሳምንቱ 178፣ 174፣ 172 ሆነ፤ በአምስተኛው ሚዛን ደግሞ ያው 172 ሆኖ ተገኘ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ከሚዛን በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሱቅ ሚዛንም ቢሆን ትንሽ ጊዜ ከታገሡት ይበቃል።

በነዚህ ሳምንታት ካራው ስለቱ በጨርቅ ተጠቅልሎና ታስሮ በእንዲሁ ያለ ጥላ ስፍራ ተቀምጦ ነበር። ስንጥቁ በዚህ ጊዜ ጠበበ ወይ? አልጠበበም፤ እንዲያውም ሰፍቶ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ሆነ። ያየው ሁሉ «አሁንስ ለይቶለት ጠፋ» አለ። ነገር ግን ስንጥቁ ሰፍቶ ማለቁ የጥገናው መጀመሪያ እንጂ የእጀታው ፍጻሜ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የተሠራው ሥራ በተራ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ በስንጥቁ ውስጥ የገባው ቅባትና አቧራ በቀጭን የብረት መጋዝ ተፍቆ ወጣ፤ በአልኮል በራሰ ጨርቅም ተጠረገ። ቅባት ባለበት ላይ ምንም ዓይነት ማጣበቂያ አይዝም።

ሁለተኛ፣ ስንጥቁን በኃይል ጨምቆ ለመግጠም አልተሞከረም። በውስጡ ብረት ስላለ ቢጨመቅ ኖሮ ከበስተጀርባው ይሰነጠቅ ነበርና። በዚህ ፈንታ እኔ ስመዝነው ከቆየሁት ደረቅ ቁራጭ ላይ ስስ ሽብልቅ ተጠረበ። የሽብልቁ የአበቃቀል መስመር ከእጀታው መስመር ጋር አንድ አቅጣጫ እንዲይዝ ተደረገ፤ መስመሩ የተጋደመ ሽብልቅ ከእጀታው ጋር አብሮ አይሠራምና።

ሦስተኛ፣ በሁለት ቱቦ የሚሸጠው ኢፖክሲ ማጣበቂያ ከሁለቱም ቱቦ እኩል እኩል ተወስዶ በደንብ ተደባለቀ፤ በጭራው ዙሪያ ያለውን ክፍተትና ስንጥቁን እንዲሞላ ተደርጎ ሽብልቁ ገባ። ሽብልቁ በመዶሻ አልተመታም፤ በጣት ተገፍቶ የገባ ያህል ብቻ ገባ። ከዚያ እጀታው በብስክሌት ካላማዳሪ ቁራጭ ዙሪያውን ተጠመጠመ። ካላማዳሪ እንደ ሽቦ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም እኩል ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ይመቻል። የታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ ማጣበቂያው ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር፣ በአንድ ቀን ፈንታ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይነካ ተቀመጠ።

አራተኛ፣ አንገቱ ዳግመኛ እንዳይከፈት ማሰሪያ ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ ክርክር ነበር። ቤተ ሰቡ ጠፍር እንዲደረግለት ፈለጉ። ጠፍር አድሮ ከራሰ በኋላ ተጠምጥሞ በጥላ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ብረት ይጨብጣል፤ ለመጥረቢያና ለማጭድ እጅግ መልካም ነው። የወጥ ቤት ቢላዋ ግን በየቀኑ ስለሚታጠብ ጠፍሩ ውኃ እየጠጣ ይላላል፤ ያድፋልም። ስለዚህ በአንገቱ ዙሪያ ጥልቀት የሌለው ቦይ ተፍቆ የነሐስ ሽቦ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተጠመጠመበት፤ ጫፎቹም ወደ ውስጥ ገብተው በማጣበቂያ ታሰሩ።

አምስተኛ፣ የተረፈው ሽብልቅ በሞረድ ተስተካከለ፤ እጀታውም በሻካራው ተጀምሮ በስሱ በተጨረሰ የብርጭቆ ወረቀት ለሰለሰ። በመጨረሻ የተልባ ዘይት በስሱ ሦስት ጊዜ ተቀባ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አልተጨመረም። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚጠነክር ስለ ሆነ ውኃን ይከላከላል። ሆኖም ዘይቱ የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ወይ ተዘርግቶ መድረቅ፣ ወይ ውኃ ውስጥ መነከር እንዳለበት አንባቢ ልብ ይበል።

ካራው ለገና ደረሰ። የሽብልቁ መስመር ከሌላው እንጨት ጠቆር ብሎ እስከ ዛሬ ይታያል። አክስቴ ይህን መስመር በጣቷ እያሻሸች ከየት እንደ መጣ ለጎረቤት ትናገራለች። ክረምቱም አልፎ ሌላ በጋ መጥቶበታል፤ ስለቱ አልተወዛወዘም።

ሌሎች ብልሽቶችና መድኃኒታቸው

ብልሽት ሁሉ ስንጥቅ አይደለም። በብዛት የሚያጋጥሙትን ሌሎችን በአጭሩ ላስረዳ።

ቀዳዳው ከመሐል ቢወጣ። ጭራው ጠማማ ሆኖ ይገባል፤ ስለቱም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ብዙ ሰው ቀዳዳውን እያሰፋ ሊያቀናው ይሞክራል፤ በዚህም እጀታውን ጎድጓዳ ያደርገዋል። የሚሻለው ከዚያው ዓይነት ደረቅ እንጨት ውታፍ ጠርቦ፣ በማጣበቂያ ደፍኖ፣ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ መሐሉን በእርሳስ ለክቶ እንደ አዲስ መብሳት ነው። በሚበሳበት ጊዜ በቀጭኑ መሰርሰሪያ ተጀምሮ በወፍራሙ ይጨረሳል።

ቀዳዳው ቢሰፋ። በክፍተቱ ጨርቅ ወይም ወረቀት መወተፍ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጨርቅ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ጭራውን በውስጥ ያዝገዋል። በጨርቅ ፈንታ ስስ ስስ የእንጨት ሽብልቆችን በጭራው ግራና ቀኝ አግብቶ፣ ቀሪውን ክፍተት ሰጋቱራ በተቀላቀለበት ኢፖክሲ መሙላት ይገባል።

በሞረድ ብዙ ቢፋቅ። አንድ ወገን ከሌላው ከሳሳ፣ የተፋቀውን መመለስ አይቻልም፤ ያልተፋቀውን ወገን ግን ማስተካከል ይቻላል። በእጀታው ጀርባና ሆድ ላይ መሐለኛ መስመር አስምሮ፣ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን እየለኩ ወፍራሙን ወደ ስሱ ማምጣት ነው። እጀታው ያሰቡትን ያህል ወፍራም አይሆንም፤ ቀጭን እጅ ላለው ሰው ግን ይስማማ ይሆናል። የሳሳው ወገን ብረቱን ሊያሳይ ከተቃረበ ግን ያንን ገጽ ለውጦ ሌላ ማልበስ ይሻላል።

ችንካሩ ገጹን ቢሰነጥቀው። ይህ የሚሆነው ቀዳዳው ከችንካሩ ሲጠብብ ወይም ችንካሩ በኃይል ሲመታ ነው። ችንካሩን ከአንድ ወገን ሰርስሮ ማውጣት፣ ስንጥቁን በስስ ማጣበቂያ አጣብቆ በሞርሳ ቀስ ብሎ መያዝ፣ ቀዳዳውንም ጥቂት አስፍቶ አዲስ የነሐስ ችንካር ማግባት ያስፈልጋል። ዳግመኛ ሲመታ በትንሽ መዶሻ፣ በዝግታ፣ ብዙ ጊዜ ይመታል እንጂ በአንድ ትልቅ ምት አይጨረስም።

ስለቱ ሙቀት ቢያገኘው። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ጭራው ሲግል ሙቀቱ ወደ ስለቱ ቢያልፍ፣ የጠነከረው ብረት ይለሰልሳል። የብረቱን መልክ አይቶ ማወቅ ይቻላል፤ ንጹሕ የሆነ ብረት ሲሞቅ ወደ 220 ዲግሪ ሲደርስ የገለባ ዓይነት ቢጫ ይሆናል፤ ወደ 260 ሲጠጋ ቡናማ፣ ወደ 300 ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው መልክ እስከ ስለቱ ከደረሰ ቢላዋው በሞረድ ቢሳልም ቶሎ ይዶለዱማል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ያለው በባለ እጁ ምድጃ ነው፤ እንደ ገና አግሎ ማጠንከር አለበት። አስቀድሞ ለመከላከል ግን ቀላል ነው፤ ጭራው በሚግልበት ጊዜ ስለቱን በራሰ ጨርቅ መጠቅለልና ጨርቁ እንዳይደርቅ ውኃ ማፍሰስ ብቻ ነው።

ስለ ቀንድ እጀታ

ቀንድ እንጨት አይደለም። የተሠራው ጥፍራችንና ጠጕራችን ከተሠሩበት ኬራቲን ከሚባለው ነገር ነው፤ ሲቃጠልም እንደ ጠጕር የሚሸተው ስለዚህ ነው። ቀንድ በፈላ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ በዚያን ጊዜ በሁለት ጣውላ መካከል ተጨምቆ እስኪቀዘቅዝ ቢያዝ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። እንግዲህ የቀንድ ገጽ ተጣምሞ ከብረቱ ቢነሣ፣ ሳይሞቅ በችንካር ኃይል ማቅናት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ይሰበራል። ገጹን አውጥቶ፣ በፈላ ውኃ አለስልሶ፣ ጨምቆ አቀዝቅዞ መመለስ ይገባል።

ቀንድ በደረብ በደረቡ የተሠራ ስለ ሆነ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ይገነጣጠላል። ትንሽ ስንጥቅ ከሆነ ሱፐር ግሉ የሚባለውን ስስ ማጣበቂያ አንጠባጥቦ፣ ከዚያው ቀንድ የወጣውን ዱቄት ነስንሶ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል። ቀንድና ወይራ በሚፋቁበት ጊዜ የሚነሣው ብናኝ ለሳንባ መልካም ስላልሆነ አፍንጫና አፍ መሸፈን አለበት።

የማይድን እጀታ

ማዳን ሁሉ ጥበብ አይደለም። ስንጥቁ በሁለት ወገን ወጥቶ እጀታውን ለሁለት የከፈለው ከሆነ፣ እንጨቱ በውስጡ ከበሰበሰ ወይም ነቀዝ ከበላው፣ ጭራውም ዝጎ ከሳሳ፣ በማጣበቂያ ሸፍኖ ለሰው መስጠት በሰው እጅ መቀለድ ነው። እንዲህ ያለውን እጀታ ሰብሮ አውጥቶ ስለቱን ማትረፍ ይሻላል። በኢፖክሲ የተያዘ ከሆነ እጀታው ሲሞቅ ማጣበቂያው ይለሰልሳል፤ በፈላ ውኃ ውስጥ ቢቆይ ብዙ ጊዜ ይለቅቃል፤ ይህም ሙቀት ብረቱን አይጎዳውም። ዝጎ የሳሳውን ጭራ ግን የሚያድሰው ባለ እጁ ነው።

ስፌት የታየበት ሥራ

ብዙ ወጣቶች ጥገናው የሚታይ ዕቃ ያፍራሉ፤ ስለዚህም ስንጥቁን በቀለም ይሸፍናሉ። የቀድሞ ባለ እጆቻችን ግን እንዲህ አልነበሩም። በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት የተመለከተ ሰው፣ ቆዳው ሲፋቅ የተቀደደበት ስፍራ በክር ተሰፍቶ፣ ጸሐፊው ስፌቱን እየዞረ እንደ ጻፈ ያያል። የመጽሐፉ የእንጨት ገበታ ሲሰበርም ከስብራቱ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳ ተበስቶ በክር ወይም በጅማት ተሰፍቶ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ስፌቱ በግልጽ ይታያል፤ መጽሐፉ ግን ይነበባል። የተሰበረ ቅልም በገጠር እንዲሁ ይሰፋል። በሩቅ አገር በጃፓንም የተሰበረ የሸክላ ዕቃ በሙጫ ተገጣጥሞ መጋጠሚያው በወርቅ ብናኝ የሚጌጥበት የቆየ ጥበብ አለ። አገሩ ቢራራቅም ትምህርቱ አንድ ነው፤ የጥገና ክብሩ ሸክሙን በመቻሉ እንጂ በመሰወሩ አይደለም።

ይህን ጥበብ ያቆዩልን ባለ እጆች በብዙ ዘመን ሲናቁና ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር ዐዋጅ ማስነገራቸው በታሪክ ይታወቃል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት የበለጠ ጊዜ አልፏል። ሆኖም ዛሬም ቢሆን በክፍላችን ስለ ብረትና ስለ ካርቦን ተምሮ ጥሩ ነጥብ የሚያገኝ ተማሪ፣ ያንኑ ትምህርት በወናፍና በመዶሻ ከሚሠሩት ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ለመጠየቅ ያፍራል። የሚያሳፍረው ግን ይህ ማፈር ነው። ለአምስት ሳምንት በሚዛን የደረስሁበትን ነገር፣ ሽማግሌው የእጀታውን ጫፍ አንድ ጊዜ አይተው ተናግረውታል።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በእጃችሁ የጀመራችሁት ሥራ ቢበላሽባችሁ ሦስቱን ነገር አትርሱ። መጀመሪያ መሣሪያውን አስቀምጡ። ሁለተኛ ብልሽቱ ከየት እንደ መጣ፣ ከእንጨቱ ነውን፣ ከልኩ ነውን፣ ከእሳቱ ነውን፣ ብላችሁ መርምሩ፤ የሚያውቅ ሰውም ጠይቁ። ሦስተኛ ምክንያቱ ማቆሙን ሳታረጋግጡ ጥገና አትጀምሩ። ለሚመጣው ሥራችሁ ደግሞ እንጨቱን በበጋ ቁረጡ፤ ልቡን ለይታችሁ አውጡ፤ ጫፍና ጫፉን ሰም ቀብታችሁ በጥላ አድርቁ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ብቻ ጥረቡ። ወይራው አይቸኩልም፤ እኛም ከእርሱ ጋር መታገሥን ብንማር ብዙ ደኅና ዕቃ ከመጣል እንድናለን።